መዥገርን መቁጠር ምን ይረባል?

ባለፈው ሳምንት በተፈጥሮ ሳይንስ ክበባችን ስብሰባ ላይ አንድ ጉዳይ ተነሥቶ ብዙ አከራከረን። በይፋግ ዙሪያ ባሉ የግጦሽ ቦታዎች እየተዘዋወርን መዥገር እንቁጠር፣ እንመዝግብ የሚል ሐሳብ ስናቀርብ፣ ከወደ ኋላ የተቀመጠ አንድ ሠልጣኝ እጁን አውጥቶ «እኛ እዚህ የመጣነው መምህር ልንሆን እንጂ የከብት ሐኪም ልንሆን አይደለም፤ ደግሞስ መዥገር ከጥንትም የነበረ፣ አባቶቻችን እየነቀሉ ሲጥሉት የኖሩት ነገር አይደለም ወይ?» አለን። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኛም አብረን ሳቅን። ዳሩ ግን ጥያቄው ቢያስቅም የሚናቅ አይደለምና መልሱን በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ለማውጣት ወሰንን። ውድ አንባብያን፣ ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ስለሚል ቆማችሁ ስታነቡ እግራችሁን ብናደክም ይቅርታ።

በመጀመሪያ መዥገር ምን እንደሆነ እንነጋገር። ብዙዎቻችን መዥገርን ከቁንጫና ከትኋን ጋር አብረን ስለምንጠራው ነፍሳት ይመስለናል፤ አይደለም። መዥገር የሸረሪትና የጊንጥ ዘመድ ነው። ነፍሳት ስድስት እግር ሲኖራቸው ለአካለ መጠን የደረሰ መዥገር ግን ስምንት እግር አለው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ ከዕንቁላል አዲስ የተፈለፈለው የመዥገር ዕጭ እግሩ ስድስት ብቻ ነው። ተማሪ በአጉሊ መነጽር አይቶ «መምህር፣ ይኸው ስድስት ነው!» ብሎ ቢሞግታችሁ ልጁ አልተሳሳተም። ዕጩ አንድ ጊዜ ደም ከጠጣ በኋላ ቆዳውን ይገፍና ስምንት እግር ያወጣል። ይህ ሁለተኛው ደረጃ ኒምፍ ይባላል፤ እኛ ጎረምሳ ብንለው የምንሳሳት አይመስለንም። ጎረምሳውም በተራው ደም ጠጥቶ፣ ቆዳውን ገፎ ሙሉ መዥገር ይሆናል። እንስቷ ጠጥታ ስታበጥ ከእንስሳው ላይ ትወድቅና ሣር ሥር ገብታ ዕንቁላሏን ትጥላለች። ከዚያም ትሞታለች። የዕንቁላሉ ብዛት እንደ ዓይነቷ ይለያያል፤ አምብሊዮማ የምትባለው ትልቋ መዥገር በአንድ ጊዜ እስከ 20 ሺህ ትጥላለች። ልብ በሉ፣ ከአንዲት!

በአካባቢያችን ከብት ላይ ከሚገኙት መዥገሮች ዋና ዋናዎቹን መለየት ከባድ አይደለም። አንደኛዋ አሁን የጠቀስናት አምብሊዮማ ቫሪዬጋተም ናት። ወንዱ ጀርባው ላይ ብርቱካናማ ቀለም ያለበት፣ እግሩ ቀለበት ቀለበት ያለው፣ አፉ ረጅም የሆነ ነው። አፉ ረጅም በመሆኑ ሥጋ ውስጥ ጠልቆ ስለሚገባ ሲነቀል ቁስል ይተዋል፤ የላም ግት ላይ ከሆነ ደግሞ ጡቷን እስከማበላሸት ይደርሳል። ሁለተኛዋ ቡፊለስ ዲኮሎራተስ ናት። አነስ ያለች፣ ደም ስትሞላ ወደ ሰማያዊ የምታደላ፣ ከዕጭነት እስከ ሙሉነት ዕድሜዋን በአንድ ከብት ላይ የምትጨርስ ናት። ሦስተኛዋ እግረ ቀይዋ ራይፒሴፋለስ ኤቨርትሲ ስትሆን በከብት፣ በበግና በፈረስ ጭራ ሥር ትገኛለች። አራተኛዋ ሃያሎማ የደረቅና የሞቃት አገር መዥገር ናት። ሌሎቹ ሣር ጫፍ ላይ ወጥተው እግራቸውን ዘርግተው የሚያልፈውን ሲጠብቁ፣ እሷ ግን ዓይን ያላት፣ ሰው ወይም ከብት ስታይ ከተደበቀችበት ወጥታ የምትሮጥ አዳኝ ናት። ይህችን ሃያሎማ አትርሷት፤ ኋላ እንመለስባታለን።

የመዥገር ንክሻ እንደ ንብ አያቃጥልም። ምራቁ ቆዳውን ስለሚያደነዝዝ ሰውም ከብትም ሳያውቀው ለቀናት ተጣብቆ ይሰነብታል። ነገሩ ሁሉ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ለቀናት ሲጠጣ ደም ብቻ አይወስድም፤ ምራቁን መልሶ ወደ ቁስሉ ያስገባል። በምራቁ ውስጥ ቫይረስ ካለ ቫይረሱም አብሮ ይገባል። ከዚያ ደግሞ ዕጩ የያዘውን ወደ ጎረምሳው፣ ጎረምሳው ወደ ሙሉው መዥገር ያሻግራል። አንዳንዱ ቫይረስ ከእናቲቱ ወደ ዕንቁላሉ ሳይቀር ያልፋል። መዥገር ሳይበላ ለወራት መቆየት ስለሚችል የታመመው ከብት ከዳነ ወይም ከተሸጠ በኋላ ቫይረሱ በግጦሹ ሣር ሥር ተቀምጦ ይጠብቃል ማለት ነው። ትንኝ ሳምንታት ትኖራለች፤ መዥገር ግን ጎተራ ነው ለማለት ይቻላል።

«እሺ፣ በኢትዮጵያ መዥገር ላይ በእርግጥ ቫይረስ ተገኝቶ ያውቃል?» የሚል አይጠፋም። አዎን፣ ተገኝቷል። አዲስ አበባ ውስጥ በነበረው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሕክምና ምርምር ክፍል ቁጥር 5 ይሠሩ የነበሩ ተመራማሪዎች፣ በኢትዮጵያ ከተሰበሰቡ መዥገሮች አራት ዓይነት ቫይረሶችን ለይተው ማውጣታቸውን እ.ኤ.አ. በ1978 አሳትመዋል። እነርሱም የክራይሚያ-ኮንጎ ደም አፍሳሽ ትኩሳት ቫይረስ፣ ቶጎቶ፣ ዱግቤና ጆስ ናቸው። ስማቸው እንግዳ ይሁን እንጂ የቦታ ስም ነው፤ ቶጎቶ በናይሮቢ አጠገብ ያለ ጫካ፣ ዱግቤ በናይጄሪያ ኢባዳን ከተማ ያለ ገበያ፣ ጆስም እዚያው ናይጄሪያ ያለች ከተማ ናት። ቫይረስ መጀመሪያ በተገኘበት ቦታ ይጠራል። እንግዲህ አንድ ቀን «ይፋግ» የሚባል ቫይረስ እንዳይወጣ እንጸልይ እንላለን፤ ይህ እንኳ ቀልድ ነው።

ከአራቱ ቀልድ የማያውቀው የክራይሚያ-ኮንጎው ነው። ታሪኩን ባጭሩ እንናገር። እ.ኤ.አ. በ1944 በክራይሚያ አዝመራ ለመሰብሰብ የተሰማሩ የሶቪየት ወታደሮች 200 ያህል ሆነው በድንገት ታመሙ፤ ደም ፈሰሳቸው። በ1956 በያኔው የቤልጅየም ኮንጎ ከአንድ ታማሚ ቫይረስ ተገኘ። ሁለቱ አንድ መሆናቸው የታወቀው በ1969 ነበር፤ ለዚህም ነው ስሙ የሁለት አገር የሆነው። በሽታው ባላሰቡት ሰዓት በኃይለኛ ትኩሳት፣ በራስ ምታት፣ በጀርባና በጡንቻ ሕመም ይጀምራል። ማስመለስ ይከተላል፤ ከቀናት በኋላም ከቆዳ ሥር፣ ከአፍንጫና ከድድ ደም ይፈስሳል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው ከተያዙት ከ100 ሰዎች ከ10 እስከ 40 የሚሆኑት ሊሞቱ ይችላሉ። በሰፊው የሚሰጥ ክትባት የለውም።

ታዲያ አስቸጋሪው ነገር ከብቱ አለመታመሙ ነው። በሬው፣ ፍየሉ፣ በጉ ቫይረሱን በደሙ ውስጥ አንድ ሳምንት ያህል ተሸክሞ እየጋጠ፣ እያረሰ፣ እያመሰኳ ይውላል። ምንም ምልክት የለም። ሰው የሚያዘው በመዥገር ንክሻ፣ መዥገርን በጣት ወይም በጥፍር በመጨፍለቅ፣ በእርድ ጊዜ ትኩስ ደም በመንካት፣ ወይም የታመመ ሰው ሲያስታምም በደም በመነካካት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ እረኛው፣ አራጁ፣ የምታልበው እናት፣ አስታማሚው። በደንብ የበሰለ ሥጋና የተፈላ ወተት ግን አያስተላልፍም፤ ሙቀት ይገድለዋል።

አንድ ነገር እናስተካክል። መዥገር ላይ ቫይረስ ተገኘ ማለት ሰው ታመመ ማለት አይደለም። ሁለቱን ማምታታት ገበያ ላይ ሽብር መንዛት ነው። ይሁን እንጂ አንድ እረኛ ልጅ በገጠር በትኩሳት ቢወድቅ ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚለው «ወባ ነው» ነው። ካልሆነ «ታይፎይድ ነው»፣ ከዚያ «ግርሻ ነው»። (በነገራችን ላይ የእኛ አገር ግርሻ በቅማል የሚመጣ እንጂ ከመዥገር የሚመጣ አይደለም፤ በፈተና ላይ ብዙ ሰው ይስትበታል።) በመዥገር የሚመጣ ትኩሳት በእነዚህ ስሞች ሥር ተሸፍኖ ሊያልፍ ይችላል። ይህ የእኛ ግምት ብቻ ነው የሚል ካለ፣ ሩቅ አገር ሳንሄድ እዚሁ ሊቦ ከምከም ውስጥ የሆነውን እናስታውሰው።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሊቦ ከምከም ገጠሮች ሰዎች በረጅም ትኩሳት እየመነመኑ፣ ጣፊያቸው እያበጠ ይሞቱ ነበር። ትኩሳት ነውና ወባ ነው ተባለ። የወባ መድኃኒት አልሠራ ሲል ወባው መድኃኒት ለምዷል ተባለ። በ1997 ግንቦት ምርመራ ሲደረግ ግን በሽታው ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ካላዛር የሁመራና የመተማ የቆላ በሽታ ነው ሲባል የኖረ ስለሆነ፣ በዚህ በደጋው ግርጌ ይገኛል ብሎ የጠበቀ ሰው አልነበረም። ድንበር የለሽ ሐኪሞች አዲስ ዘመን ላይ የሕክምና ጣቢያ ከፍተው ከ1997 ግንቦት እስከ 2000 ታኅሣሥ ያከሟቸው ሰዎች መዝገብ ኋላ ተጠንቶ ታትሟል። ከታማሚዎቹ ከ100 ወደ 78ቱ ወንዶች ነበሩ፤ የታማሚዎቹ መካከለኛ ዕድሜ 18 ዓመት ነበር። ከታከሙት የሞቱት ከ100 አራት ብቻ ናቸው። ሳይታወቅ በፊት የሞቱትን ግን ማን መዘገባቸው?

ካላዛርን የሚያመጣው ቫይረስ አይደለም፤ የሚያስተላልፈውም መዥገር ሳይሆን የአሸዋ ዝንብ ነው። ይህን የምናነሣው ነገሩ አንድ ዓይነት ስለሆነ ሳይሆን ስሕተቱ አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው። በሽታው ለምን ወደዚህ መጣ ለሚለው፣ ለቀን ሥራ ወደ ሁመራና መተማ ወርደው የተመለሱ ሰዎች ሳያውቁ ይዘውት ሳይመጡ እንዳልቀሩ ብዙ አጥኚዎች ይስማሙበታል። ዝንቧ ደግሞ የዋልካ መሬት ስንጥቅና የግራር ሥር ትወዳለች፤ ሁለቱም ሜዳችን ላይ ሞልተዋል። ታማሚዎችን ከጤነኞች ጋር ያነጻጸረ ጥናት በቀን ግራር ሥር መተኛት፣ ማታ ደጅ ማደርና ውሻ ማሳደግ ከበሽታው ጋር እንደሚያያዙ አሳይቷል። በቀን ግራር ሥር የሚተኛ ማነው? እረኛው ነዋ! እረኛው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ፈረቃ ክፍላችን ውስጥ የሚቀመጠው ተማሪያችን ነው። «ይህ የእኛ ሥራ አይደለም» ላለን ጓደኛችን መልሳችን ግማሹ ይኸው ነው።

ግማሹ ደግሞ ስለ አየር ጠባይ ነው። ዘንድሮ ሁሉም ነገር «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» ይባላል፤ ዝናቡ ሲቀር እሱ ነው፣ ዝናቡ ሲበዛም እሱ ነው፣ ወንዝ ሲሞላም፣ ጤፍ ሲወደድም። እኛ እንዲህ ከማለት ቁጥሩን ማየት ይሻላል ባዮች ነን። የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ 1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ጨምሯል። ትንሽ ይመስላል። እስቲ ጠመኔ አንሥተን እናስላው። ተራራ ስንወጣ በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ ወደ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። 1.3ን ለ0.6 ብናካፍለው ከ2 በጥቂቱ ይበልጣል፤ ይህም ማለት ድሮ አንድ ቦታ ላይ የነበረው ሙቀት ዛሬ ከ200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል። የጣና ዳር ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ደብረ ታቦር 2,700 አካባቢ ናት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 900 ሜትር ነው። 200 ሜትር ማለት እንግዲህ ከሜዳው ወደ ደብረ ታቦር ከሚወስደው አቀበት ከአምስት እጅ አንዱን መውጣት ነው። መዥገር ደግሞ ሙቀት ሲያገኝ ከዕንቁላል ወደ ዕጭ፣ ከዕጭ ወደ ጎረምሳ የሚያልፍበት ጊዜ ያጥራል፤ ቀድሞ ብርዱ የሚከለክለው ቦታ ላይም መኖር ይጀምራል።

ይህ በወረቀት ላይ ያለ ሒሳብ ብቻ አይደለም። በቼክ አገር ክርኮኖሼ በሚባለው ተራራ፣ የእነርሱ አገር መዥገር ከ1980ዎቹ በፊት (በእነርሱ አቆጣጠር) ከ700 ሜትር ያህል በላይ አይወጣም ነበር፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ግን ከ1,100 ሜትር በላይ ተገኝቷል። ያን ማወቅ የቻሉት ቀድመው ስለቆጠሩ ነው። በአገራችንም በወባ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል፤ በደብረ ዘይት አካባቢ የተሰበሰበ የብዙ ዓመት መዝገብ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2014 እንደታተመው፣ በሞቃት ዓመታት ወባ ወደ ከፍተኛ ቦታዎች ትወጣለች። ሽማግሌዎች እንደሚያስታውሱት ደግሞ በ1950 እና በ1951 ከባድ ዝናብና ያልተለመደ ሙቀት ተገናኝተው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባሉ አገሮች የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። 3 ሚሊዮን ሰው ታመመ፣ 150 ሺህ ሰው ሞተ ተብሎ ተገምቷል።

ነገር ግን ሁሉን በሙቀት ላይ መደፍደፍ ከሳይንስ ያርቃል። መዥገር ሙቀት ብቻ ሳይሆን እርጥበትም ይፈልጋል፤ ደረቅ በጋ ዕጩን ያከስለዋል። ስለሆነም ሙቀቱ ቢጨምርም ዝናቡ ካጠረ የአንዱ ዓይነት ቁጥር ሲቀንስ የሌላው ሊጨምር ይችላል። እርጥበት የምትወደው ስትሸሽ ደረቅ የምትወደው ሃያሎማ ትተካለች እንደ ማለት ነው። ሰው የሚሠራውም አለ። የፎገራ ሜዳ ድሮ የፎገራ ከብት የሚፈነጭበት ግጦሽ ነበር፤ ዛሬ ብዙው ሩዝ ሆኗል። ግጦሹ ሲጠብ ከብቱ በቀረችው ቦታ ይጨናነቃል፣ ወይም ራቅ ወዳለ አገር ይነዳል። ነጋዴ ከቆላ ከብት ገዝቶ ሲመጣ መዥገሩም ያለ ክፍያ ይሳፈራል። የመዥገር መድኃኒት በዘፈቀደ፣ መጠኑ ሳይለካ በተረጨ ቁጥርም መድኃኒቱን የለመደው መዥገር ይቀራል። እነዚህን ሁሉ ለይቶ ማወቅ የሚቻለው በአንድ መንገድ ነው፤ በየጊዜው፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዘዴ ቆጥሮ መመዝገብ።

ደግሞም ባዶ ሜዳ ላይ አንጀምርም። ሞሬል የተባለ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1980፣ ፔግራምና ባልደረቦቹ ደግሞ በ1981 የኢትዮጵያን የከብት መዥገሮች ዓይነትና ስርጭት የሚያሳይ ጥናት አሳትመዋል። ከዚያ ወዲህም የእኛው አገር ምሁራን በየአውራጃው ብዙ ሠርተዋል። የድሮው መዝገብ ዋጋው ዛሬ ነው የሚታየው፤ ሚዛን ላይ አንዱ ሳህን ባዶ ከሆነ ምን ሊመዘን ነው?

መዥገር መቁጠር ሕይወት ለማዳን እንዴት እንደሚጠቅም ከስፔን የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ2010 ካሴሬስ በሚባል አውራጃ ከአጋዘን ላይ የተለቀሙ መዥገሮች ሲመረመሩ የክራይሚያ-ኮንጎ ቫይረስ ተገኘባቸው። በዚያን ጊዜ በስፔን ምድር በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው አይታወቅም ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2016፣ አንድ ሰው ገጠር ሲንሸራሸር መዥገር ነክሶት ታመመና ሞተ፤ ያስታመመችው ነርስም ተያዘች፣ እሷ ግን ዳነች። መዥገሩ ወሬውን ስድስት ዓመት አስቀድሞ ተናግሮ ነበር ማለት ነው። በቱርክ ደግሞ በሽታው እ.ኤ.አ. በ2002 ከታወቀ ወዲህ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች ተይዘዋል። ከአፍሪካ ወደ አውሮፓ በሚመለሱ ስደተኛ ወፎች ላይም የሃያሎማ ዕጮችና ጎረምሶች በተደጋጋሚ ተገኝተዋል። በ2018ቱ ሞቃት በጋ ለአካለ መጠን የደረሱ ሃያሎማዎች እስከ ጀርመንና ስዊድን ድረስ መታየታቸው ብዙ ሰው አስደንቋል። ጣናንና የፎገራን ረግረግ በየዓመቱ የሚጎበኙትን ስደተኛ ወፎች ስናይ ይህም ትዝ ይበለን።

አሁን ወደ አሠራሩ እንምጣ። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከሣር ላይ ነው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ነጭ አቡጀዲ በዱላ ላይ ይታሰርና ሣሩን እየዳሰሰ ቀስ ተብሎ ይጎተታል። አላፊ እንስሳ የመሰለው መዥገር ጨርቁ ላይ ይንጠለጠላል። በየጥቂት እርምጃው ቆሞ ጨርቁን ገልብጦ ማየት ነው። ነጭ የሆነበት ምክንያት ዕጩ ከሰሊጥ ስለሚያንስ በሌላ ቀለም ላይ ስለማይታይ ነው። ጧት ጤዛ ሳይረግፍ ከተጎተተ ጨርቁ ይረጥብና ሥራው ይበላሻል። ሃያሎማን ግን በዚህ ዘዴ ብዙ አታገኟትም፤ እሷ ሣር ላይ ቁጭ ብላ ስለማትጠብቅ።

ሁለተኛው ከከብት ላይ ነው። ሠልጥኖ ጓንት ያጠለቀ ሰው፣ የከብቱ ባለቤት ፈቅዶ ከብቱን በደንብ ይዞለት፣ በአንድ ጎን ያለውን ብቻ ከጆሮ እስከ ጭራ ይቆጥራል፤ ከዚያ በሁለት ያባዛዋል። ጆሮ ውስጥ፣ ከአንገት ሥር በተንጠለጠለው ቆዳ፣ ብብት፣ ግት፣ ጭራ ሥር መታየት አለባቸው። የሚለቀመው በወረንጦ ነው። ለዓይነት መለያ ከሆነ በ70 በመቶ አልኮል ብልቃጥ ውስጥ ይቀመጣል። ለቫይረስ ምርመራ የሚፈለገው ግን ብርቱ ቅዝቃዜ ውስጥ ሆኖ ወደ ላቦራቶሪ መድረስ ስላለበት ከክበባችን አቅም በላይ ነው፤ ያ የባሕር ዳሩ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪና የመሳሰሉት ሥራ ነው። ብልቃጡ ላይ ቀን፣ ቦታ፣ ከፍታ፣ የእንስሳው ዓይነትና ዕድሜ በእርሳስ ይጻፋል። በእርሳስ የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የብዕር ቀለም አልኮል ሲነካው ይጠፋል፤ ስም የሌለው ብልቃጥ ደግሞ ቆሻሻ ነው።

ላቦራቶሪ ውስጥ መዥገሮች አንድ በአንድ አይመረመሩም፤ ወጪው አይቻልም። በቡድን በቡድን ይፈጫሉ። እንበል 50 ቡድን አለን፤ በእያንዳንዱ ውስጥ 10 መዥገር አለ፤ አንድ ቡድን ላይ ቫይረስ ተገኘ። በዚያ ቡድን ውስጥ ቢያንስ አንድ የተያዘ መዥገር አለና ከ500 ቢያንስ አንዱ ተይዟል እንላለን። የሒሳብ አሠልጣኞቻችን «ለምን ቢያንስ ይባላል?» ብለው በክፍል ቢጠይቁበት ጥሩ የክፍልፋይና የዕድል ትምህርት ይወጣዋል።

በስብሰባው ላይ ከሁሉ በላይ ያጨቃጨቀን ሌላ ነበር። አንዳንድ ሠልጣኞች «ወደ ተመደብንበት ትምህርት ቤት ስንሄድ ተማሪዎች ከቤታቸው ከብት ላይ መዥገር ለቅመው እንዲያመጡ እናዝዝ፤ በተግባር የተደገፈ ትምህርት ማለት ይህ ነው» አሉ። ሐሳቡ ከቅን ልብ የመነጨ መሆኑን አንክድም። እኛ ግን አጥብቀን ተቃወምን፤ አሁንም እንቃወማለን። ልጅ መዥገር በጣቱ ይነቅላል፣ በክብሪት ቀፎ ይዞ ይመጣል፣ መንገድ ላይ ጓደኛውን ሊያስደነግጥ ይከፍተዋል፣ አንዱን በጥፍሩ ያፈነዳል። እናቶቻችን ከላም ላይ ነቅለው በድንጋይ ሲጨፈልቁት ያየ ልጅ ምን ያድርግ? ተማሪ ሊያደርግ የሚገባው ሳይነካ ማየትና መናገር ነው። የቤታችሁ ከብት መዥገር የሚበዛበት በየትኛው ወር ነው? ድሮ አያታችሁ እረኛ ሳሉ የማያውቁት ዓይነት መጥቷል? ከብቱ ከየት ተገዛ? እነዚህን አያቱን ጠይቆ ጽፎ ቢመጣ ብልቃጥ ሙሉ መዥገር ከሚያመጣ ይልቅ ይጠቅመናል።

መዥገር ሰው ላይ ቢገኝስ? ጋዝ ማርከፍከፍ፣ በክብሪት መለብለብ፣ ቅቤ መቀባት የተለመደ ነው፤ ሁሉም ስሕተት ነው። መዥገሩ ሲጨነቅ ይበልጥ ምራቁን ይተፋል። ትክክሉ ወረንጦ ወስዶ ከቆዳው ጋር ተጠግቶ፣ ከአፉ ላይ ይዞ፣ ሳያጣምሙና ሆዱን ሳይጨምቁ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው። ወረንጦ ከሌለ ጣትን በጨርቅ ወይም በላስቲክ ጠቅልሎ። ከዚያ ቦታውንና እጅን በሳሙና መታጠብ፣ የተነከሱበትን ቀን መጻፍ። የክራይሚያ-ኮንጎ ትኩሳት ከመዥገር ንክሻ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን፣ ቢዘገይ እስከ ዘጠኝ ቀን ድረስ ይጀምራል፤ በደም ንክኪ ከሆነ እስከ 13 ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ራስን መከታተል ይበቃል። በዚህ ጊዜ ትኩሳት ቢነሣ ጤና ጣቢያ ሄዶ «አመመኝ» ብቻ ሳይሆን «መዥገር ነክሶኝ ነበር» ወይም «ከብት አርጄ ነበር» ማለት ያስፈልጋል። ሐኪም ያልተነገረውን አያውቅም። ደም እየፈሰሰው ያለ ታማሚ ያለበት ቤት ከሆነ ደግሞ አስታማሚው በባዶ እጁ ደሙን አይንካ፤ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በዚያው ቀን ይነገራት።

የክበባችን ውሳኔ እንዲህ ነው። ሦስት ቦታ መርጠናል፤ አንዱ ከሜዳው ረግረግ ዳር፣ አንዱ ከከተማው አጠገብ ካለው የግጦሽ ተዳፋት፣ አንዱ ከፍ ካለው ቁጥቋጦ። በየወሩ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ጤዛው ከረገፈ በኋላ፣ በእያንዳንዱ ቦታ አንድ መቶ እርምጃ አቡጀዲ እንጎትታለን፤ ሱሪያችንን ካልሲ ውስጥ ከትተን፣ ስንመለስም ልብሳችንን አራግፈን። በከብት ላይ የሚደረገውን ቆጠራ የእንስሳት ጤና ኬላ ባለሙያ ሳይገኝ አንነካውም። ውጤቱ ከዚህ ጋዜጣ ጎን በሚሰቀል ሠንጠረዥ ላይ ይጻፋል፤ ምንም ያልተገኘበት ወርም «0» ተብሎ ይጻፋል እንጂ አይዘለልም። የመጀመሪያው ጉተታ ዝናቡ ሲገባ በሰኔ ነው፤ ትልልቆቹ አምብሊዮማዎች የሚበዙት ከዝናቡ መግቢያ ጋር ስለሆነ። መዝገቡን እንዲይዝ የተመረጠው ከወደ ኋላ ተቀምጦ ጥያቄውን ያነሣው ሠልጣኝ ነው፤ እሱም ትንሽ አንገራግሮ ተቀብሏል። አቡጀዲው ግን እስካሁን አልተገዛም፤ አሮጌ ነጭ አንሶላ ያለው ሰው ቢያበረክትልን አንጠላም።